አንድ ክንድ ከድንጋዩ

ሀይደር መኪና ሲያቆም ያየ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቆይቶ ይናደዳል። ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ያለው ሁሉ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ታክኮ ሲያቆም፣ እሱ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ሙሉ ርቆ ነው የሚቆመው። ከኋላው ጥሩምባ ይነፋበታል፤ ትራፊኩ በፊሽካ ያጣድፈዋል፤ የባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ መሀል መንገዱን ገዛኸው እንዴ?» ይለዋል። ሀይደር ግን አይሰማም። ቀኝ ስፖኪዮውን ወደ ታች አዘንብሎ ሁለት ነገር ብቻ ያያል፤ ቸርኬውንና ድንጋዩን። በመሀላቸው ያለው አስፋልት እስኪበቃው ድረስ መሪውን አይለቅም።

ለመፍረድ አትቸኩሉ። የዚህ ሰው እንጀራ ያለው እዚያ ቸርኬ ላይ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ናት። ወንበሯ ሁለቴ ተለብጧል፤ ጠዋት ጠዋት ካላባበሏት አትነሣም። ነገር ግን አራት የሚያብረቀርቁ የአሎይ ቸርኬዎች አሏት፤ በእነሱ የተነሣ በሠርግ ወራት ሙሽራ ትጭናለች። የሠርግ ካሜራማን ጠባዩ ይታወቃል፤ ሙሽራዋ ከመውረዷ በፊት አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጎማው ቀስ እያለ ሲቆም ካልቀረጸ ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም። ጎማው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ቸርኬው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። ድንጋይ ቢነካ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት ሐይቁ ዳር ሲያቆም አንዱን ቸርኬ ትንሽ አስፋቀው። የሙሽራዋ ወንድም ጎንበስ ብሎ ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰና ሙሽሮቹን ወደ ሌላ መኪና አዛወራቸው። የሀይደር መኪና አበባዋን እንደተሸለመች ከሰልፉ መጨረሻ ገብታ የለስላሳ ሣጥን ጫነች። የዚያን ቀን እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ነው አንድ ክንድ የሚርቀው። ሙሽራዋስ በዚያ ክፍተት እንዴት ትወርዳለች ቢባል፣ ሙሽራን የሚሸከም ሞልቷል፤ ሚዜዎቹ ብድግ አድርገው ያሻግሯታል።

ከሥራ ሲመለስ ባረጀ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና አራቱንም ቸርኬዎች አንድ በአንድ ያጥባል። ሚስቱ ሚስራ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። «እኔንም አንድ ቀን እንዲህ አተኩረህ ብታየኝ ምን አለበት?» ትለዋለች። ይስቅና ብሩሹን መልሶ ሳሙናው ውስጥ ይነክራል። ከተቀመጠበት ሲነሣ ወገቡ ይንቋቋል። ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፤ ደክሞታል። መንዳቱ አይደለም ያደከመው፣ መጠንቀቁ ነው። ጠዋት ሲነሣም ደክሞት ነው የሚነሣው።

ይህ ጠባይ ግን በቸርኬ አልተጀመረም። አባቱ መስዑድ የታንኳ ሰው ነበሩ። ደንገል አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ከዘጌ ሎሚና ማገዶ ጭነው ይመጣሉ። የደንገል ታንኳ ድንጋይ አይወድም፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ማሰሪያው ይላላና ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ መስዑድ ዳር ሲደርሱ ከድንጋዩ ራቅ ብለው ያቆሙና «ውረዱ» ይላሉ። ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሚስታቸው ኡሙልኸይርም እንደ ሰው ሁሉ ይወርዳሉ፤ ሸክሙን በራሳቸው፣ ትንሹን ሀይደርን በጀርባቸው አድርገው። «ታንኳና ድንጋይ አይሳሳሙም» ይሉ ነበር መስዑድ። ኡሙልኸይር በዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ስለታም ድንጋይ እንደረገጡ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ዛሬ መስዑድ የሉም። ኡሙልኸይር ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው፤ ቀኝ እግራቸው ላይ አንዲት ቁስል ወጥታ አልድን ብላለች። ሰኞና ሐሙስ ክሊኒክ ሄደው ቁስሏ መታጠብ፣ ፋሻው መቀየር አለበት። ነርሷ ወንጌላዊት ነገሩን አልሸፋፈነችም። «ከተቋረጠ ወደ አጥንት ይገባል። አጥንት ከነካ እግሩ ነው የሚሄደው» ብላ ለሀይደር ነግራዋለች።

ክሊኒኩ ዋና መንገድ ዳር ነው፤ ግቢው መኪና አያስገባም። መንገዱ በቅርቡ ሲታደስ ጠርዙ ከፍ ባለ ሻካራ ድንጋይ ተሠርቷል፤ ከድንጋዩ ሥር ደግሞ የመኪና እጣቢ የሚወርድባት ጠባብ ቦይ አለች። ሀይደር እንደ ልማዱ አንድ ክንድ ርቆ ሲያቆም፣ እናቱ በዚያ በቆሰለ እግር ወደ ቦይዋ መውረድ፣ ከቦይዋ ደግሞ ወደ ድንጋዩ መውጣት ነበረባቸው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የሰውን ሙሽራ ሲያመላልስ የሚውል ልጅ ያላቸው እናት በቦይ ውስጥ ይራመዳሉ።

ሀይደር ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም። ያሰበው ግን ቸርኬውን ሳይነካ ነው። ከጣውላ አንድ መረገጫ ሠራ፤ እንዳያንሸራትት ብሎ ላዩን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ለበጠው። መረገጫውን ቦይዋ ውስጥ ያስቀምጥና እናቱን ደግፎ ያወርዳል፤ አንድ እርምጃ ወደ ጣውላው፣ አንድ እርምጃ ወደ ድንጋዩ። በሥራው ኮራ።

«አየሽ እማ፣ እንደ ሙሽራ!» አላቸው።

«ሙሽራንስ ተሸክመው ነው» አሉ ኡሙልኸይር። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

አንድ ሐሙስ ከአየር ማረፊያ የሚወስደው እንግዳ ነበረው። እናቱን መረገጫው ላይ እንዳቆመ የትራፊኩ ፊሽካ ጮኸበት። የክሊኒኩ ዘበኛ መጥተው እጃቸውን ሲይዙላቸው አየና በሩን ዘግቶ ወደ መሪው ሮጠ። ኋላ ሊወስዳቸው ሲመለስ የእናቱ ቀሚስ እስከ ወገባቸው እርጥብ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ውሃ ደፋሁበት።»

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አስነሥቶ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ እናቱ አልወጡም። ገብቶ ጠየቃቸው።

«አልሄድም» አሉ። «መርፌውም ፋሻውም በቃኝ።»

ሚስራ እግራቸው ሥር ተንበርክካ «እማማ፣ ስለ አላህ ብለው ይሂዱ፤ ለእኛ ሲሉ» ብላ ለመነች። ጎረቤት መጣ፤ መከረ፤ ሄደ። ኡሙልኸይር የሁሉንም ሰምተው «አልሄድም» ከማለት በቀር አልጨመሩም። በመጨረሻ ሀይደር ጮኸ።

«እግርሽን ሊቆርጡት ነው! ይገባሻል? ሊቆርጡት ነው!»

«ይቁረጡት» አሉ ኡሙልኸይር። «ብዙ ተሂዶበታል።»

ሀይደር ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እናቱ መኖር የሰለቻቸው መሰለው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ፍርሃቱን ለማን እንደሚነግር ስላላወቀ ተነሥቶ መኪናዋን አጠበ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ሲደርስ ብቻውን ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ወንጌላዊት ቤት ድረስ መጥታ ፋሻውን እንድትቀይርላቸው ሊለምናት ነበር። እንደ ልማዱ አንድ ክንድ ርቆ አቆመ። ዘበኛው ጋሼ ባምላክ ከጥበቃ ቤታቸው ወጡና መረገጫውን አምጥተው አቀበሉት።

«ዕቃህን ውሰድ እንጂ፤ እኔ ምን ላድርገው?»

ከመረገጫው እግሮች አንዱ ተሰብሯል።

«ምን ሰበረው፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ።

«እንዳልናገር በማርያም አስምለውኛል» አሉ። «እሷው ይቅር ትበለኝ። እናትህ ወድቀው ነበር። አንተ ገና መኪናህን ስታንቀሳቅስ ጣውላው ከዳቸው። እጃቸውን ይዣቸው ነበር፤ አልቻልሁም፤ እኔም አርጅቻለሁ። እቦዩ ውስጥ ተዘረሩ። ሻሻቸው ወልቆ፣ ያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ቆሞ እያያቸው። ስናነሣቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ለልጄ እንዳይነግሩት፤ በሠራው ዕቃ ደስ ብሎታል›።»

ሀይደር መረገጫውን እንደያዘ ቀረ። «እኔስ? እኔ የት ነበርሁ?»

«ምን አውቅልሃለሁ? ተጣራሁ፤ አልሰማህም። በመስታወቱ ያየኛል ብዬ እጄን አወዛወዝሁልህ። ዝም ብለህ ሄድህ።»

ሀይደር ወደ ስፖኪዮው ዞረ። እንዳዘነበለው ነው። ቸርኬው በደንብ ይታያል፤ የድንጋዩ ጠርዝ በደንብ ይታያል። የሰው ፊት ግን በዚያ መስታወት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እናቱ እዚያ ቦይ ውስጥ ወድቀው ሳለ እሱ ቸርኬውን እያየ ነበር የሄደው። እሳቸው ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብለው በመርፌውና በፋሻው አሳበቡ። እንባው መጣ፤ በጋሼ ባምላክ ፊት አለቀሰ። ወደ ነርሷ የመጣበትንም ነገር ረስቶ ወደ ቤቱ ነዳ።

ኡሙልኸይር በረንዳው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ፋሻው አድፏል።

«እማ፣ ተነሽ እንሂድ።»

«በቃኝ አልሁህ እኮ።»

«እግርሽ ቦይ አይነካም። ወላሂ፣ ከእንግዲህ አይነካም።»

ኡሙልኸይር ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

«ያ ሽማግሌ ነገረህ?»

«አልነገረኝም።»

«ድሮም አፉ ምሥጢር አይቋጥርም» አሉና እንዲያነሣቸው እጃቸውን ዘረጉለት።

ክሊኒኩ ጋ ሲደርሱ ሀይደር ፍጥነቱን ቀንሶ ጠርዙን እየተጠጋ መጣ። የለመደችው አንድ ክንድ አለፈች። ስንዝር ቀረው። እዚያ ላይ እግሩ ራሱ ሄዶ ፍሬኑን ያዘ፤ የስንት ዓመት ልማድ ነው። ባዘነበለው መስታወት ተመለከተ። ስንዝር ለቸርኬ ይበቃል። የእናቱ ከዘራ የሚገባባት፣ የቆሰለ እግር የሚንሸራተትባት ቦይም እዚያችው ስንዝር ውስጥ ናት። ፍሬኑን ለቀቀና መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ።

የፊተኛው ቸርኬ ጮኸ። ድስት በአሸዋ ሲፋቅ እንደሚጮኸው፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የኋለኛው ጮኸ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ፤ ጋሼ ባምላክ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሀይደር ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ መኪናዋ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ እስክትቆም ድረስ መሪውን አልመለሰም።

«ምንድን ነው የጮኸው?» አሉ ኡሙልኸይር።

«ደርሰናል፣ እማ።»

ዞሮ መጥቶ በሩን ከፈተላቸው። በሩ ከድንጋዩ በላይ ተንሳፈፈ። ኡሙልኸይር ፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን አወጡና ደረቁ ድንጋይ ላይ አሳረፉት። መውረድም መውጣትም አልነበረበትም። ሌላውን እግራቸውን አስከትለው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቸርኬውን አዩት። ጠርዙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጧል። ኡሙልኸይር ያን ቸርኬ ያውቁታል፤ ልጃቸው ሲያጥበው፣ ሲወለውለው ስንት ዓመት ከበረንዳቸው አይተዋል።

«አባትህ ይህን ሳያይ ሞተ» አሉ።

ጋሼ ባምላክ መጥተው እጃቸውን ያዙላቸውና ቀስ እያሉ ወደ በሩ ሄዱ። ትራፊኩ ከወዲያ ማዶ ፊሽካውን ነፋ። ሀይደር መሪው ጋ ተቀመጠ። እሑድ ሠርግ አለበት፤ ካሜራማኑ በግራ በኩል ቢተኛ ይተኛል፤ ካልሆነም ለስላሳ ይጫናል። ሁለቱንም ለማሰብ ደክሞት ነበር። በተሳፋሪው መስኮት እጁን አሾልኮ ስፖኪዮውን ወደ ላይ ገፋው።

መጀመሪያ የመንገዱ ዳር ዘንባባ ታየ። ትንሽ ሲመልሰው የክሊኒኩ በር ታየ፤ በሩ ላይ እናቱ ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው፣ ከዘራቸውን ወደ መኪናዋ ቀስረው፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ተጣሩ።

«ሰኞም እንዲሁ አስጠግተህ አቁምልኝ!»