የሐዘን ቤቱ ዥዋዥዌ

ባለቤቴ ያረፈችው በደርግ ዘመን፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ብዙም በማይርቀው ቤታችን ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ትንሿ ልጄ ጆሮዋን ይዛ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር ታላትም ነበር። ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ዓይኗንም ከሰው ዓይን አታገናኝም። ኦቲዝም የሚለውን ስም ያን ጊዜ በሰፈራችን የሰማ አልነበረም። እናቷ በሕይወት ሳለች ጥብቅ አድርጋ አዝላ ስታወዛውዛት ትረጋጋ ነበር፤ አሁን ያ ጀርባ የለም።

እኔ ወገቤ ማዘል ስለማይችል ከጓሮው ወይራ ላይ ገመድ አሰርሁ። በጋቢዬ አጥብቄ ጠቅልዬ አስቀመጥኋትና ገፋኋት። መጀመሪያ ጮኸች። ኋላ ግን በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆመን በመቋሚያ ዝማሜ ስንል እንደምንወዛወዘው፣ ረጋ ባለው የግዕዝ ዜማ እያዜምሁ ዜማው ባረፈ ቁጥር ብገፋት ትከሻዋ ላላ፤ እጇም ከጆሮዋ ወረደ።

ነገር ግን የሟች አርባ ገና አልወጣም ነበር። በሐዘን ቤት ዥዋዥዌ መስቀል፣ ያውም በመሪጌታ እጅ፣ ነውር ነው። ማታ ማታ ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ጎረቤቶች ዜማዬን ከአጥሩ በር ላይ ሰምተው ይመለሱ ጀመር። አንዱማ፣ «መሪጌታ፣ ማኅሌቱን ወደ ዛፍ አዛወሩት እንዴ?» ብሎኝ አለፈ። ለእንግዳ ያወጣሁት አግዳሚ ወንበር ባዶውን ያመሽ ነበር።

በመጨረሻ የባለቤቴ ታላቅ እህት መጡ። ልጅቱን ሩቅ ጠበል ወስደው፣ ያደረባት መንፈስ እስኪለቃት ታስራ እንድትቆይ ቆርጠዋል።

«የእህቴ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እርስዎ ጨዋታ ያዙ?»

«ጨዋታ አይደለም፣ እትዬ። በጠበሉ አምናለሁ፤ አስጠምቄያታለሁም። መታሰሩን ግን አትችለውም።»

«ታዲያ ለሰው ምን ልበል? አባቷ ዛፍ ላይ ሰቀላት ልበል?»

«የፈለጉትን ይበሉ።»

ከዥዋዥዌው አወረዷት። የእናቷ ሥጋ ናቸውና እጃቸውን ልይዝ አልደፈርሁም። ልጄ መሬት ስትረግጥ አልጮኸችም። ማናችንንም ሳታይ እጄን ያዘችና ገመዱ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከሰው ምንም ጠይቃ አታውቅም ነበር።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ሰው አትፈልግም ብለን ነበር እኮ» አሉ። ከዚያም መልሰው አስቀመጧትና ጋቢውን ይጠቀልሉላት ጀመር።

«ጠበቅ ያድርጉት፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ! እኔም ወልጃለሁ!»

ብቻቸውን ሄዱ።

ያን ዕለት ማታም የመጣ ሰው የለም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ለስብሰባ ሲጠራ ከሩቅ ሰማሁ። አውሮፕላንም በላያችን አለፈ፤ ልጄ ጆሮዋን አልያዘችም። እኔ እጄን ከገመዱ ባነሣሁ ቁጥር እሷ እየመለሰችው፣ ድምፄ እስኪሻክር አዜምሁላት።