ከሁሉ የጠራው ውሃ

እትዬ ጽዱ ላቦራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ማጠብ ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም፤ እሳቸው ያጠቡትን ዕቃ ጣት ከነካው ጉድ ፈላ! የገዛ ልጃቸው እንኳ «ልጆቼ ወለልሽን ለመርገጥ ይፈራሉ» ብሎ ቤታቸው ድርሽ ካላለ ሁለት ዓመት አለፈው።

ትናንት ተመራማሪዋ ከዲኤንኤ ክር አጣጥፋ የሠራቻቸውን፣ በዓይን የማይታዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች በትንሽ ብልቃጥ ሰጠቻቸው።

«እትዬ፣ የማግኒዚየም ጨው ያለበትን ውሃ ይሙሉበት።»

እሳቸው ግን በልባቸው «ደህና ነገር በጨው ይበላሻል እንጂ!» ብለው የተጣራ ውሃ ሞሉበት።

ዛሬ ጠዋት የማይክሮስኮፑ ስክሪን ላይ ሦስት ማዕዘን የሚባል ነገር የለም፤ የተተረተረ ሹራብ የመሰለ ክር ብቻ።

«እትዬ፣ ምን ጨመሩበት?»

«ከሁሉ የጠራውን ውሃ ነዋ!»

«ወይኔ! አያይዞ ያቆማቸው እኮ ጨው ነበር።»

እትዬ ጽዱ ክው አሉ። ንጹህ ውሃ? ንጹህ ውሃ ነው ያፈረሳቸው? ጓንታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ከሥራ ወጥተው ቤታቸውን ሲከፍቱ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ የሰው ዱካ የለበትም። እንደገና ክው አሉ። ስልካቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ነገ ልጆቹን ይዘህ ና» አሉት። «በጫማችሁ ግቡ።»