የሌላው ተኸስተ ኢሜይል

ተኸስተ አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ ካለው የሆቴል ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ኢሜይሉን ያጸዳል። ቢሉን በቢል ፎልደር፣ የቤተክርስቲያኑን በቤተክርስቲያን ፎልደር ይከታል፤ የቀረውን ዲሊት ያደርጋል። ልጁ ኣሪያም ግን ሁሉንም እንደተከመረ ትታ፣ ስትፈልግ ሰርች ታደርጋለች።

አንድ መልእክት ብቻ የሚከትበት ቦታ አጣ። ለተገብርኤል የምትባል የማያውቃት ሴት ከአዲስ አበባ «ወንድሜ ተኸስተ፣ ምነው ጠፋህ? እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተን ትላለች» ብላ ጻፈችለት።

«እህቴ፣ ስም ተመሳስሎብሽ ነው» ብሎ መለሰላት።

«ቀልድህ አልለቀቀህም!» አለችው።

«ዳድ፣ ብሎክ አድርጋት» አለች ኣሪያም። እሱ ግን አልቻለም። ጎረቤት ከተማ ሴንት ፖል ያሉ ወዳጆቹን ሁሉ ጠየቀ፤ ሌላ ተኸስተ የሚያውቅ አልተገኘም። እያደር ስሙ ሲጠራ፣ ያ ሰውዬ ከኋላው የቆመ እየመሰለው ይዞር ጀመር።

በመጨረሻ «እማዬ ሕመሙ ጠንቶባታል፤ መኖርህን ብቻ ንገራት» የሚል መጣ። ተኸስተ «አለሁ» ብሎ ላከ።

«ነገርናት። ፈገግ ብላ አረፈች» የሚል መልስ ደረሰው።

ኣሪያም ከሥራ ስትገባ አባቷ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ሲያለቅስ አገኘችው።

«ማን ሞተ?» አለችው ደንግጣ።

«የተኸስተ እናት» አላት።