ለሰላማዊት የነገርኳት ሕመም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን እያወራሁ አልፌዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር።

ልጄ ሰላማዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ሩጫ ነፍሷ ነበር። በየማለዳው ከየካ ተነስታ ከሰፈር ልጆች ጋር በባሕር ዛፉ መሀል ወደ እንጦጦ ትሮጥ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እስክትመለስ ድረስ ልቤ አይረጋም ነበር። አንድ ቀን ቁርስ ሳትበላ ሮጣ ራሷን ስታ ወደቀች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ለብቻዬ አስገብታ፣ ልጅቷ ምንም እንደሌለባት፣ ብቻ በልታ እንድትሮጥ ነገረችኝ። እኔ ወጣሁና ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ለምትጠብቀኝ ልጄ፣ «ልብሽ ደካማ ነው አሉ። ከእንግዲህ መሮጥ የለም» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

አለቀሰች። ማባበያ ስልክ ገዛሁላት። ከሱቁ ጀርባ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቪዲዮ ስታይ ዋለች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በዓመቱም እንዲሁ። እኔም ዓይኔ ሥር ናት ብዬ እፎይ አልኩ። የልጅን እግር አስሮ እፎይ ማለት ምን ዓይነት እናትነት ነው?

አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ሰውነቷ ከብዷል፤ ወገቧን ያማታል። እኔው ደግሞ ስልክ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ሕግ አወጣሁባት። ሰነፍ አልኳት። አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

ባለፈው ቅዳሜ የክፍሏ ልጆች እንጦጦ ፓርክ በእግር እንውጣ ብለው ሊወስዷት መጡ። እምቢ አለቻቸው። ሂጂ እንጂ ብዬ ስቆጣት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እማ፣ እኔ እኮ መሞት አልፈልግም» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሞትን ስትፈራ እንደኖረች ያኔ ገባኝ። ያኔም አልነገርኳትም። ዕቃ የምፈልግ መስዬ ወደ ሱቅ ገባሁ።

ብቻዬን ስለማሳድጋት ነው፣ ሰግቼ ነው ማለት እችል ነበር። አልልም። የፈራሁት እኔ፣ የታሰረችው እሷ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እነግራታለሁ። ይቅር ባትለኝ መብቷ ነው። እናንተንም ማሩኝ አልልም። ጤነኛ መሆኗን ከእኔው አፍ ትስማ፤ ከዚያ የምትለኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።