የተሸረፈው የማርያም ጽዋ

ድርሰቴ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ነው! አስተማሪያችን ዛሬ ጠዋት ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመው፣ ሞጣ በሙሉ የሚሰማው በሚመስል ድምፅ ነገሩኝ። ወረቀቱን ከእጃቸው በሁለት እጄ ስቀበል ግን እንዲህ በሁለት እጅ የሚያዝ ሌላ ነገር፣ ድርሰቴ የሚተርከው የማርያም ጽዋ፣ ትዝ አለኝ።

ያኔ ቢቸና ነበርን፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እናቴ ስለነበረች ጽዋው ወሩን ሙሉ እኛ ቤት፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጅ አይነካውም። እኔ ግን ውስጡን ልይ ብዬ መደብ ላይ ቆሜ ሳወርደው ከእጄ አመለጠ። ያረጀ የጠላ ሽታ ሸተተኝ፤ የሸክላው ከንፈር ተሸርፏል። እናቴ ስትገባ አፌ ቀድሞኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት አለ።

ጓደኛዬ የነበረችው ያቺ ልጅ በእናቷ አለንጋ ተገረፈች። ጩኸቷን በአጥሩ በኩል ሰማሁ። እናቶቻችንም ሰላምታ አቆሙ። ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያን ደወል በተደወለ ቁጥር እኔን የሚጠራ እየመሰለኝ እደበቅ ነበር።

ወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ማኅበርተኞቹ ቤታችንን ሞሉት። ጓደኛዬ ከእናቷ ጀርባ ተቀመጠች። የንስሐ አባታችን ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋው እንደማይቀመስ ተናገሩ። እናቴ ወደ በሩ፣ የጓደኛዬ እናት ወደ መሬት ያያሉ። አባ ጽዋውን መልሰው ሸፈኑት። እናቴ ስንት ቀን የደከመችበት ድግስ ሊበተን ነው። ጓደኛዬ አየችኝ፤ አላሳበቀችም።

"እኔ ነኝ የሰበርኩት" አልኩ።

ምድር ትውጠኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ እናቴ ጎረቤቷ እግር ላይ ወድቃለች፤ ያቺም ሳታስጨርሳት አንሥታ ሳመቻት። እኔ ማልቀሴን አልተው ስል ጓደኛዬ መጣችና፣

"አንቺ ደሞ ምን ያስለቅስሻል? የተገረፍኩት እኔ" አለችኝ።

አባ ሳይቀሩ ሳቁ። እጄን ይዛ ወደ ጽዋው ወሰደችኝ፤ ካልተሸረፈው በኩል ተራ በተራ ቀመስን። እስከዚያ ቀን እግዚአብሔርን እንደ አለንጋ ነበር የምፈራው። አሁን ሳስበው ያን ቀን እጄን የያዘኝ እሱ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ጓደኛዬ ተዳረች፤ እኔ ለትምህርት ሞጣ አጎቴ ዘንድ መጣሁ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ቅዳሜ ቢቸና ሄጄ ይህን ድርሰት አነብላታለሁ። ሰው ፊት አወጣሽኝ ብላ ትቀየመኝ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። እናንተም ያሳዘናችሁት ሰው ካለ ተነሡ፤ ፈርታችሁም ቢሆን ሂዱ።