ወረቀቱ ሳያልቅ ስልክ የለም

ዓይነ ስውር የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሰበታ የመጣሁት በልጅነቴ ለትምህርት ነው፤ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ተቀጥሬ፣ እዚሁ ቀረሁ። ተማሪዎቼ ድርሰት በጻፉ ቁጥር የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሥራው የእሷ ሆነ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ "ስድስት" እላለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ብዙ ጊዜ ግን ዝም ብላ አትጽፍም። "አባዬ፣ ስድስት ያንሰዋል" ብላ ትሟገተኛለች፤ እኔም ግማሽ ነጥብ እጨምራለሁ። መንገድ ላይም አንዱ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ፣ መምህር" ብሎ ሰላም ሲለኝ ማን እንደሆነ በጆሮዬ ሹክ ትለኝ ነበር።

እናቷ ሱሉልታ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። በየቀኑ አዲስ አበባን አቋርጦ መመላለስ ስላልተቻላት እዚያው ቤት ተከራይታ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እንድትደውልላት ብላ ስልክ ገዛችላት። የገዛችው ለደግ ነበር።

ለሚያይ ሰው፣ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ቢያንስ ያቀረቀረ ልጅ ነው። እኔ ግን ልጄ ኢርፎኗን ከሰካች ቤት ውስጥ መኖሯንም አላውቅም። አንድ ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ ውሎዬ ለረጅም ጊዜ ሳወራላት ቆይቼ፣ ለካስ ሱቅ ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ በየመሐሉ "አለሽ?" ማለት ለመደብኝ። "አለሁ" ትላለች፣ በዚያ ሐሳቡ ሌላ ቦታ በሆነ ሰው ድምፅ።

መጀመሪያ ኢርፎን ከለከልኩ። ስልኩ የሚከፈተው እኔ እየሰማሁት ብቻ ነው አልኩ። እሷም ታዛዥ ልጅ ናትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። አንድ ሰውዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ሲያሽካካ፣ አንድ ዘፈን ከመሐሉ እየተቆረጠ መቶ ጊዜ ሲጀምር ከረመ። በአራተኛው ቀን ራሴው "በፈጠረሽ፣ ኢርፎንሽን ሰክተሽ ገላግይኝ!" ብዬ ለመንኳት።

ከዚያ የፈተና ሰሞን መጣ። የስልሳ ሁለት ተማሪ ድርሰት ይዤ ገባሁ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስታነብ ስታነብ፣ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ቆመች። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን ደልቄ "ስልኩን አስቀምጪ!" አልኩ።

"እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ልጁ የጻፈው ቃል አልነበብ ብሎኝ ነው።"

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ተሳስቼም አባት ነኝ ብዬ ሕግ አወጣሁ፦ ወረቀቱ ሳያልቅ ስልክ የለም። ስልኳን ተቀብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

"ካለቀስ?" አለች።

"ካለቀ የፈለግሽውን ያህል።"

ይህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በእኛ አነባበብ፣ ከነክርክሩና ከነወሬው፣ ስልሳ ሁለት ወረቀት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምጿ ከእኔ ጋር ነው። ብቸኝነት ነው እንዲህ ያለ ተንኮል ያስተማረኝ።

በማግስቱ ከሰዓት የመምህራን ስብሰባ ነበረኝ። እናቷ ጋ ልደውል ብላ የእኔን የቁልፍ ስልክ ትቼላት እንድሄድ ጠየቀችኝ፤ ተውኩላት። ስመለስ ስልኬን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አለቀ።"

"ምኑ?"

"ወረቀቱ። ሁሉንም አንብቤ ቀድቼልሃለሁ። መሐሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን ይጀምራል። ማርኩን በብሬል ያዘው፣ ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ እገለብጠዋለሁ።" ድምጿ ሰለል ብሏል። "ስልኬን ትሰጠኛለህ?"

ቃሌ ነውና ሰጠኋት። ክፍሏ ገባች።

ቁልፉን ተጫንኩ። አልተጣደፈችም። እያንዳንዱን ቃል አጥርታ፣ ነጥቡ ላይ እየቆመች ነው ያነበበችው። እንዲያውም በየመሐሉ ታወራኛለች። "ቁጥር አሥራ አራት። አባዬ፣ የዚህ ልጅ ጽሑፍ ጉድ ነው፤ ግን ለፍቷልና እዘንለት።" ሌላው ጋ ብቻዋን ስቃለች። ለወራት እንዲህ አውርታኝ አታውቅም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ሆዴ ባባ።

ቁጥር ሠላሳ አንድ ከቡራዩ ተዛውራ የመጣች ተማሪ ናት። "አዲሱ ክፍሌ ውስጥ እስካሁን በስሜ የጠራኝ ሰው የለም" ብላ ጀምራለች። ልጄ ይህን ስታነብ ድምጿ ዝቅ አለ። ድርሰቱ ሲያልቅ እንደ ልማዴ "ሰባት ስጫት" አልኩና ሙግቷን ጠበቅሁ።

"ቁጥር ሠላሳ ሁለት" አለች።

"ቆይ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩ። "ሰባት አያንሳትም?"

ስልኩ ማንበቡን ቀጠለ። የክፍሏ በር ሲከፈት ሰማሁ።

"አባዬ፣ ጠራኸኝ?"

"አዎ።"

"ምን ልርዳህ?"

በእጄ ጠረጴዛውን ዳሰስኩ። የተደረደረው ወረቀት በሙሉ ተነብቦ ያለቀ ነው።

"አለሽ ወይ ልልሽ ነው" አልኳት።

"አለሁ" አለችና በሩን መልሳ ዘጋችው።