የጎደሉት ሁለት ምልክቶች

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ የሱቅ ዐረቢ ገበያ ሚኒባሶች ጥሩምባና የረዳቶቹ ጥሪ ይገባል። ጥግ ላይ የናፍጣ ሽታ ያልለቀቀው የውሃ ጀሪካን ነበር። ሦስት ነን፦ እኔ፣ አሠልጣኙና ከከተማው ዳርቻ፣ ከሶባ፣ የመጣ አንድ የሙዚቃ መምህር።

የተያዝነው በአንድ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ለሙዚቃ መምህራን ሥልጠና ይሰጥ ነበር፤ እኔ የሄድኩት ለአጭር ዜና ነው። ትምህርት ቤቱ ኪቦርድ ስላልነበረው አሠልጣኙ ዜማን በእጅ ምልክት ማስተማር ያሳዩ ነበር። ለአንዱ ድምፅ ጭብጥ፣ ለሌላው የተዘረጋ መዳፍ፤ ልጆች እጁን እያዩ ያዜማሉ። በዚያ ሰሞን ከተማው በተቃውሞ ሰልፍ ተወጥሮ ነበር። በመስኮት ያየን ሰው ያየው፣ ያለ ድምፅ እጃቸውን የሚያነሱ ጎልማሶችን ነው፤ የሰልፈኞች ምስጢራዊ ምልክት መሰለው። የጸጥታ ሰዎች መጡ። ብዙዎቹን ለቀው አሠልጣኙን፣ ጋዜጠኛውን እኔንና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ያለፈበትን መምህር ወሰዱ።

መርማሪው ስልኩ ላይ ከኢንተርኔት ያገኘውን የምልክቶቹን ሥዕል አሳየን።

«እዚህ ሰባት ናቸው። እናንተ ያስተማራችሁት አምስት። ሁለቱን ለማን ደበቃችሁ?»

«አልተደበቁም፣ ጀናቡ» አሉ አሠልጣኙ፣ መኮንኖች በሚጠሩበት ቃል። «እኔ ነኝ የተውኳቸው። የእኛ ዜማ አምስት ድምፅ ይበቃዋል።»

መርማሪው ሳቀ። «ነገ ትርጉማቸውን ካልነገራችሁኝ ይሄኛው ወደ ድንበር ይሄዳል» አለ፣ ወደ መምህሩ እያመለከተ። የመምህሩ ሚስትና ልጅ ሶባ ነበሩ።

በክፍሉ ውስጥ ማዜም ክልክል ነው። አሠልጣኙ ግን ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን ማንሳት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አለ መምህሩ በሹክሹክታ።

«ገና የነገው ትምህርት ይቀርሃል። ሳትጨርስ ሰርተፍኬት ልሰጥህ ነው?»

መምህሩ ሳይወድ ሳቀ። አራተኛውንና አምስተኛውን ምልክት ይቀላቅል ነበር። «አምስተኛው እጅ እንደ ደከመው ሰው ነው፣ ይንጠለጠላል» አሉት። ውጭ አንድ ረዳት «ሶባ! ሶባ!» ሲል የመምህሩ እጅ አየር ላይ ቆመ። አሠልጣኙ ሚኒባሱ እስኪሄድ ጠብቀው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙ ራሳቸው መርማሪውን ጠየቁት። «ይህን ሰው አስወጣው። ዘበኛህ የሚያውቀውን ዜማ ያሰማኝ። ከዚያ መልሰው፤ ዜማውን በእጄ ብቻ አሳየዋለሁ።»

መምህሩ ወደ ግቢው ተወሰደ። ዘበኛው ግዙፍ ሰው ነው፤ አፈረ።

«ያላ!» አለው አለቃው።

ሴቶች ልጅ ሲያስተኙ የሚሉትን የሚመስል ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፦ የዚህ አገር ሰዎችም ዘፈን በአምስት ድምፅ ነው።

መምህሩ ተመለሰ። የአሠልጣኙ እጅ ተነሳ፤ እሱም በቀጭን ድምፅ ተከተለ። አምስተኛው ምልክት ሲመጣ ወለሉን አየሁ። አልሳተም።

«ወላሂ፣ ራሷ ናት!» አለ ዘበኛው።

መርማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀጥሎ ባልደረቦቹን ጠራ። «ኑ፣ ጉድ እዩ! ያ ኡስታዝ፣ ድገምላቸው። የሰርግ ነገር ይሁን።»

አሠልጣኙ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ሥልጠናው አልቋል፣ ጀናቡ።»

እኔ መምህሩን አየሁት፤ የዚህ ዋጋ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አሠልጣኙ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንንም ለቀቁን። በፈተናው ይሁን በሌላ አልተነገረንም፤ አልገምትምም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ተበታተንን። አዳራሹ ይኑር አይኑር አላውቅም። አሠልጣኙን ዳግም አላገኘኋቸውም። መምህሩ ግን በቅርቡ ደውሎልኝ ነበር፤ በአንድ መጠለያ ልጆች ያስተምራል።

«በስንት ምልክት?» አልኩት።

«በአምስት ነዋ!» አለ። «የደበቅናቸውን ሁለቱን እስካሁን አልያዟቸውም።»